ቃለ ጉባኤ

ከደሴቱ ጫፍ ላይ፣ በኬዮን ወደብ፣
ቆርቆሮ ሲደልቅ የሰኔ ዝናብ፣
በትምህርት ቤቱ መመገቢያ ክፍል፣ በምድጃው ዙሪያ፣
ሰባት ሰው ተቀምጧል ሊያወጣ መለኪያ፦
አራተኛ ክፍል ምን ያህል ይወቅ? ስድስተኛስ ምን?
እኔ ጥግ ላይ ነኝ፤ ብዕር ነው ድርሻዬ፣
የተባለውን እንጂ አልጽፍም የራሴን።

አጀንዳ አንድ። ገጽ ሦስት። ሁለተኛ መስመር።
«ተማሪው የአካሉን ክፍሎች በስማቸው ይጠራል» ይላል፤
በዚህች ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰዓት አልፏል።
ዶን ኤራስሞ፣ ባለ ሁለት ጀልባ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ያ… ያ ነገር» አለ፣ ጆሮውን ፍም አድርጎ።
የወላጆች ተወካይ «እዚያ አካባቢ» አለች፣
ነርሷ ኤድሊና ሳቋን በጉንጯ ያዘች።

እኔም ጻፍኩ፦ «ስለ ያ ነገር ሰፊ ውይይት ተደረገ።»
ሰረዝኩት።
«እዚያ አካባቢ በሚለው ላይ ከስምምነት አልተደረሰም።»
እሱንም ሰረዝኩ።
ጉባኤ አለ፤ ቃል ግን የለም።

ነርሷ ከቦርሳዋ የብስኩት ጣሳ አወጣች፣ ክዳኗ የዛገ፣
ልጆች ስማቸውን ሳይጽፉ ዓመቱን ሙሉ የከተቱባት።
አንዱን ወረቀት ፈታች፦
«ልብሴ ላይ ደም አየሁ። ልሞት ነው? ለእናቴ እንዳትነግሪ።»
ሌላውን፦ «አጎቴ ምስጢር ነው ካለኝ፣ ምስጢር ነው?»
ሌላውን፦ «ድምፄ የፍየል ሆነ፤ በሽታ ነው ወይ?»
በሦስተኛው ሳቁ።
ስለ ሁለተኛው ማንም አልተነፈሰም።

‹አበባ አየች› ይሏታል፤ ያየችው ግን ደም ነው፤
ስሙ ያማረ ለታ ፍርሃቷን ሸፈነው።

በዚህ ደሴት፣ ከጥንት፣ አባት የሌለው ልጅ ሲመጣ፣
«የጫካው ድንክ ነው» ይባላል፣ «ከቅጠል መሐል የወጣ፤
ዓይኑን ያየች ልጃገረድ ማምለጥ አይሆንላት።»
ዶን ኤራስሞ ፈገግ አለ፦ «አያቶቻችን በዚህ ኖሩ፣
መለኪያ አላስፈለጋቸው።»

ያኔ ዶኛ ሮሰንዳ ኦያርሶ፣ የሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
መሠዊያ የምታጸዳው፣ «ትቃወማለች» ተብላ የተመረጠችው፣
መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገች።
«ድንኩን አውቀዋለሁ» አለች።
«ጫማ ነበረው።
ጥቁር፣ የተወለወለ፣ የግራው ሶል የተሰነጠቀ።
እሑድ እሑድ ከፊት ወንበር አየው ነበር፣
ቁርባን ሲቀበል።
ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ‹የት ነካሽ?› ብትለኝ
ምን ብዬ ልንገራት? የቦታውን ስም ማን አስተማረኝ?
የማውቀው አንድ ስም ነው፤ እሱም ‹ሀፍረት› ነው።
ሀፍረቴን ነካኝ ልበል?
አፍሬ ዝም አልኩ።
ድንኩ ሸመገለ። በክብር ቀበሩት።
እኔም አበባ ይዤ ሄድኩ።»

ምድጃው ውስጥ እርጥብ እንጨት ፈነዳ።
ዶን ኤራስሞ እርሳሱን አስቀመጠ። አነሣው። አስቀመጠ።
«ኦሬሊያ፣ ይህን አትጻፊ» አለኝ ሊቀመንበሩ፣ ቀስ ብሎ።
ዶኛ ሮሰንዳ መነጽሯን አጠለቀች።
«ጻፊ» አለች። «ስሜን ከነአባቴ።»

ገጽ ሦስት፣ መስመር ሁለት፦ አራት ለሁለት ጸደቀ።
አንድ ድምፀ ተዓቅቦ፤
ዶን ኤራስሞ በመስኮቱ ጀልባዎቹን ያይ ነበር፣
በጨለማ ጀልባ የሚታይ ይመስል።
መስመር ሦስት ለማክሰኞ ተዛወረ።

ሌሊት፣ ቤቴ፣ ረቂቁን በንጹሕ ልገለብጥ ስቀመጥ
እጄ ፊደሉ ላይ ቆመ።
ሁለት ልጅ ወልጄ፣ አርባ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ፣
ያን ቃል አንድ ቀን ጽፌው አላውቅም።
የስፓኝኛ መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያ አወረድኩ።
አለ።
ከ‹መባዘን› ቀጥሎ፣ ከ‹ፉርጎ› በፊት፣
በተራው ተቀምጧል፣
እንደ ማንኛውም ቃል።